መጨረሻውን አስቀድመህ ጻፍ

ይድረስ ለውድ ወዳጄ፤

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? ቤተሰቡስ ደኅና ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ይህን ያህል ጊዜ ድምፄን በማጥፋቴ ይቅር በለኝ። ስለ እምቦጭ አረም ለጣና ሐይቅ ዳር ገበሬዎችና ለዓሣ አስጋሪዎች 10 ደቂቃ እንድትናገር መመረጥህን ሰማሁና ከባሕር ዳር ይህን ጻፍሁልህ።

መጀመሪያ መጨረሻውን ጻፍ። ሰዉ ከተቀመጠበት ሲነሣ ምን እንዲያደርግ ትፈልጋለህ? መልሱ በአንድ ዐረፍተ ነገር ካልወጣልህ ሌላውን አትንካው። «እምቦጭን እንከላከል» ብትል ሁሉም ይስማማል፣ ማንም አይመጣም። «ቅዳሜ ጠዋት በ1 ሰዓት ከየቤቱ አንድ ሰው መንሽ ይዞ ሐይቁ ዳር ይገኝ» ካልህ ግን ቀኑም ሰዓቱም ሥራውም ታወቀ።

ሐተታህ ከሦስት ነጥብ አይለፍ፤ ጉዳቱ፣ አረባቡ፣ አነቃቀሉ ይበቃሉ። ግን እኩል አታካፍላቸው። ጉዳቱን እነሱ ካንተ ይልቅ ያውቁታል፤ መረቡ የተያዘው፣ ታንኳው አላልፍ ያለው የእነሱ ነው። ለእሱ 1 ደቂቃ፣ ለአረባቡ 2፣ ለአነቃቀሉ 4 ስጥ። እዚህ ላይ «ለምን ተመልሶ ይመጣል?» የሚለውን ካልመለስህ የሚደክም ሰው አታገኝም። ተቆርጦ ውሃው ላይ የቀረው እንደገና ያቆጠቁጣል፤ ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል፤ ተነቅሎ ዳር የተተወውንም ሐይቁ ሲሞላ መልሶ ይወስደዋል። ስለዚህ ከነሥሩ ይነቀል፣ ውሃው ከማይደርስበት ይከመር።

መግቢያው 1 ደቂቃ ይበቃዋል። የባለሥልጣኑን ስም በየተራ ስትጠራ ጆሮ ይሸሻል። ካህናትና ሽማግሌዎች ካሉ አስቀድመህ አክብራቸው፣ የቀረውን «የተከበራችሁ እናቶች፣ አባቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች» ብለህ ጠቅልለው። ከዚያ አንዱን እምቦጭ ከነሥሩ ወደ ላይ አንሣ። ያበጠውን አገዳውን በቢላ ሰንጥቀህ አሳያቸው፤ ውስጡ አየር የሞላበት ስፖንጅ ነው፣ የሚያንሳፍፈውም እሱ ነው። እናቲቱን ከልጇ ጋር ያያያዘውን ቀጭን ሐረግም በጣትህ ያዘው፤ ስለ አረባቡ ስትናገር ይጠቅምሃል።

አሁን ብዙ ተናጋሪ የሚወድቅበትን ልንገርህ። በአማርኛ ግሡ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። «ሐይቃችንን እየወረረ፣ የዓሣውን መራቢያ እየዘጋ፣ መረባችንን እየያዘ ያስቸገረንን አረም በጋራ ለማስወገድ የሚያስችል ንቅናቄ መጀመር ይገባል» ብትል፣ አድማጭ ያን ሁሉ ተሸክሞ ግሡን ይጠብቃል፤ ግሡ ሲደርስ መጀመሪያውን ረስቶታል። አንባቢ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ሰሚ ግን አይችልም። ቆራርጠው፦ «አረሙ ሐይቃችንን ወረረው። የዓሣውን መራቢያ ዘጋው። መረባችንን ያዘው። አብረን እንንቀለው።» አራት ግሥ፣ አራት ማረፊያ። ከነጥብ ወደ ነጥብ ስታልፍም «አረባቡን አየን፤ ወደ አነቃቀሉ እንሂድ» በል፤ በጽሑፍ ይሰለቻል፣ በጆሮ ግን መንገድ ይመራል።

ቀሪው 2 ደቂቃ የመዝጊያው ነው። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጄኔቫ ላይ በመንግሥታት ማኅበር ፊት በአማርኛ ሲናገሩ የጨረሱት ለሕዝቤ ምን መልስ ይዤ ልመለስ ብለው በመጠየቅ ነበር፤ መልስ የመስጠቱ ሸክም በሰሚዎቹ ላይ ቀረ። አንተም «ከዚህ ቀበሌ ቅዳሜ ማን ይመጣል?» ብለህ ጠይቅና ዝም በል። እጅ እስኪነሣ ታገሥ፣ ዝምታውን በምስጋና አትሙላው።

ቆመህ፣ ድምፅህን አውጥተህ በስልክህ ቅረጸው። ከ8 ደቂቃ ካለፈ ቀንስ፤ ሕዝብ ፊት ሲሆን ማረፊያው ይረዝማል። ሙሉውን ጽሑፍ አትያዝ፣ ዓይንህ ወረቀቱ ላይ ይቀራል። ዋና ዋናውን ብቻ በጉልህ ፊደል በወፍራም ካርድ ላይ ጻፍ፣ ቁጥርም ስጠው። ከሰዓት በኋላ ከሆነ የጣና ነፋስ ወረቀት አያስይዝም።

ቅጂውን ላክልኝ፣ በዕለቱ ሰምቼ እመልስልሃለሁ። ለቤተሰቡ ሁሉ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ወዳጅህ