አምስት ጊዜ «ለምን?» ያልተባለበት የቆዳ ፖሊሲ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

በዓል ባለፈ ማግስት በየሰፈሩ የቆሻሻ መጣያ ላይ የበግ ቆዳ ተከምሮ ይታያል። ጋዜጦችም ፎቶውን ያወጣሉ፤ ጥሩ ያደርጋሉ። ከፎቶው ሥር የሚጻፈው ግን አብዛኛውን ጊዜ ስለ ሽታውና ስለ ጽዳት ነው። እኔ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የጫማ ማምረቻ የምርት ኃላፊ ነኝ። ያን ክምር ሳይ የሚታየኝ የሥራ አመራራችንና የኢኮኖሚ ፖሊሲያችን ችግር ነው። ስለዚህ ከሙያዬ በኩል ጥቂት ልበል።

ዕድሜያቸው ገፋ ያለ አንባቢዎች ያስታውሳሉ። የበግ ሌጦ ዋጋ ነበረው። በበዓል ቀን ቆዳ ገዢዎች እየተጣሩ በየበሩ ይዞሩ ነበር። ለቤተ ክርስቲያን የሚሰጥም ብዙ ነበር። ዛሬ «በነጻ ውሰዱልን» ብንል እንኳ የሚወስድ አይገኝም። እንዴት እዚህ ደረስን?

መልሱን ለመፈለግ ሥራን ደረጃ በደረጃ ከማሻሻያው የጃፓኖች ዘዴ፣ ከካይዘን ልጀምር። ካይዘን ወደ አገራችን የገባው በመንግሥት ደረጃ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ጃፓኖች ቱኒዚያ ውስጥ የሠሩትን ሥራ ወደዱትና ለእኛም ይሁን ብለው ጠየቁ። በ2002 ዓ.ም. በጃፓን ዓለም አቀፍ ትብብር ድርጅት (ጃይካ) ድጋፍ 30 ድርጅቶች ላይ ሙከራ ተጀመረ። በ2004 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ከዚያ ወዲህ «ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ» የሚሉትን የካይዘን እርምጃዎች ያልሰማ የፋብሪካ ሠራተኛ ያለ አይመስለኝም።

እኛም ጋ ተሠርቶበታል፤ ጠቅሞናልም። ጫማው የሚወጠርባቸው ፎርማዎች በቁጥራቸው ተደረደሩ። ሶል ፍለጋ ከክፍል ክፍል መንከራተት ቀረ። ማስቲሽ የሚቀባው ሰው አየር በሚገባበት መስኮት አጠገብ ተቀመጠ። ይህን ቀላል ነገር አድርገው የሚያዩ አሉ። ቀኑን ሙሉ ማስቲሽ ሲሸተው ለሚውል ሰው ግን ቀላል አይደለም።

ችግሩ ብዙ ቦታ ነገሩ እዚህ ላይ ማብቃቱ ነው። ዕቃው ይደረደራል፣ «በፊት» እና «በኋላ» የሚል ፎቶ ይለጠፋል፣ ሰርተፍኬት ይመጣል። ከዚያ ሰሌዳው ግድግዳ ላይ አቧራ ይጠጣል። የካይዘን ልቡ ግን ጥያቄ ነው። የቶዮታው ታይቺ ኦኖ ሠራተኞቹን ያስተማረው አንድ ችግር ሲገጥም አምስት ጊዜ «ለምን?» ብሎ መጠየቅን ነበር። የመጀመሪያው መልስ ሁልጊዜ ጥፋቱን ቅርብ ያለው ሰው ላይ ይጥላል። አምስተኛው ላይ ሲደረስ እውነተኛው ምክንያት ብቅ ይላል።

ይህን በራሳችን ቤት ላሳያችሁ። ቆራጫችን በዕድሜ ከሁላችንም ይበልጣሉ፤ ጋሼ እንላቸዋለን። አንድ ቆዳ ጠረጴዛው ላይ ሲዘረጋላቸው ወዲያው ቢላዋ አያነሱም። መጀመሪያ በመዳፋቸው ይዳብሱታል። ከዚያ አንድ ጫፉን አንስተው ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘንበል ያደርጉታል። እንከኑን በጠመኔ ያከቡታል። የጫማውን ፊት ከቆዳው ጀርባ፣ ምላሱን ከአንገቱና ከሆዱ በኩል ያወጣሉ። እንዲህም ተጠንቅቀው የሚጣለው ብጥስጣሽ እየበዛ ሄደ። በስብሰባ ላይ «የመቁረጫ ክፍሉ ብክነት ከፍተኛ ነው» ተባለ። ቁጥሩ ትክክል ነበር። አጠገባቸው ቆሜ ለምን እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«ልጄ፣ ይሄ እከክ ነው። በጉ በቁሙ ሳለ የያዘው ነው። እኔ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ምን ላደርግለት?» አሉኝ።

አንደኛው «ለምን» እዚህ ተመለሰ። እከክ ቆዳ ፋብሪካዎች ሁሉ የሚያውቁት ጣጣ ነው። ቅማልና ሌሎች የውጭ ጥገኛ ተባዮች በጉንና ፍየሉን ሲበሉት ቆዳው ላይ የሚቀር ጠባሳ ነው። ፀጉሩ እስኪነሳ ድረስ በደንብ አይታይም። ለምን በጉ አልታከመም? አርቢው መድኃኒቱን ስላልረጨ ወይም ስላላገኘ። ለምን አልረጨም? ቆዳው ሲሸጥ ንጹሑም ጠባሳ ያለበትም በፍሬ ስለሚቆጠር፤ ለጥራት የሚጨምርለት ሳንቲም የለም። ለምን ገዢው በደረጃ አይከፍልም? የገዢው ቁጥር ትንሽ ስለሆነ፤ አርቢው ሌላ የሚሄድበት የለውም። ለምን ገዢው ትንሽ ሆነ? እዚህ ላይ ከመቁረጫ ጠረጴዛችን ወጥተን አዋጅ ላይ እንደርሳለን።

በ2000 ዓ.ም. በወጣ አዋጅ ጥሬና በከፊል በተዘጋጀ ቆዳ ላይ 150 በመቶ የወጪ ንግድ ታክስ ተጣለ። በ2004 ዓ.ም. ደግሞ ክረስት የሚባለው፣ ማጠናቀቂያ ብቻ የቀረው ቆዳ ተጨመረበት። ዓላማው ጥሩ ነበር፤ ዛሬም እደግፈዋለሁ። ጥሬ ቆዳ ልኮ ጫማ የሚገዛ አገር ድሃ ሆኖ ይቀራል። ያለቀለት ቆዳና ጫማ ብንልክ ሥራውም ገንዘቡም እዚሁ ይቀርልናል። በመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ መጨረሻ፣ በ2007 ዓ.ም.፣ ከዘርፉ ወደ 500 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ይገኛል ተብሎ ነበር። የተገኘው 130 ሚሊዮን አካባቢ ነው። ከዚያ በኋላ እሱም ወረደ።

የሆነው ነገር ለእኛ ግልጽ ነው። በሩ ሲዘጋ ገዢ ሆነው የቀሩት የአገር ውስጥ ቆዳ ፋብሪካዎች ብቻ ናቸው። እነሱ ደግሞ ለማጠናቀቂያው ኬሚካልና ማሽን ያስፈልጋቸው ነበር። ኬሚካሉ ዶላር ይፈልጋል። ኤልሲ (ባንክ ለውጭ አገር ሻጭ የሚሰጠውን የክፍያ ዋስትና) ለማስከፈት ስንት ወር ሲጠበቅ እንደኖረ በሥራው ላይ ያለ ሁሉ ያውቀዋል። ፋብሪካው ሲዳከም የሚገዛው ቆዳ ቀነሰ፤ ዋጋው ወደቀ። ዋጋው ሲወድቅ ሰብሳቢው ሥራውን ተወ። ሰብሳቢው ሲተው አርቢው ስለ ቆዳው ማሰብ አቆመ። በዓለም ገበያ ደግሞ ሰው ሠራሽ ቆዳ ሲመጣ ነገሩ ባሰ። በስሙ የሚጠራ የባቲ ፍየል ቆዳ ያላት አገር፣ በእንስሳት ሀብቷ ከአፍሪካ ቀዳሚ የሆነች አገር፣ ሌጦ የምትጥል ሆነች።

ያ ፖሊሲ መጨረሻውን እርምጃ፣ ማለትም ማጠናቀቁን፣ በታክስ አስገደደ። ጥራቱ የሚበላሸው ግን መጀመሪያው እርምጃ ላይ፣ በጉ ገና ሣር እየጋጠ ሳለ ነው። እዚያ ድረስ ወርዶ «ለምን?» የሚል ሰው ቢኖር ታክሱና የእከክ ሕክምናው አብረው ይታቀዱ ነበር። በደረጃ መግዛትም ያኔ ይለመድ ነበር።

አሁን ደግሞ አዲስ ሁኔታ ውስጥ ነን። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ጫማ ተወድዷል። ለእኛ ዕድል ነው። ግን ሶሉም፣ ማስቲሹም፣ ኬሚካሉም አብሮ ተወድዷል። ዶላር የማይጠይቀን ዋናው ግብዓት ቆዳው ነው። እሱን መንገድ ዳር ስንጥለው ማየት በጣም ያመኛል።

እንዲደረግ የምፈልገው ነገር ብዙ ብር አይጠይቅም። የታረደ ቆዳ በሰዓታት ውስጥ ጨው ካላገኘ ይበላሻል። ጨው ከአፍዴራ እናወጣለን። እንቁጣጣሽና ገና ቀናቸው የታወቀ ነው። ፋሲካን ባሕረ ሐሳብ ከዓመታት በፊት ይነግረናል። አረፋም ቢሆን በግምት አስቀድሞ ይታወቃል። እንግዲያው በእነዚህ ቀናት በየወረዳው ጨው፣ ትክክለኛነቱ የተረጋገጠ ሚዛንና በሥራው የሠለጠኑ ወጣቶች ያሉበት መረከቢያ ማቆም ያቅተናል? ቢላዋ ያልበሳው፣ እከክ የሌለበት ቆዳ የተሻለ ዋጋ እንደሚከፈልበት በግልጽ ይለጠፍ። አርቢው ልዩነቱን በኪሱ ሲያየው መድኃኒቱን ራሱ ይጠይቃል።

ሌላው የምለው ለፖሊሲ አውጪዎች ነው። ካይዘንን ለእኛ እንዳስተማራችሁን ለራሳችሁም ሥራ ተጠቀሙበት። አንድ መመሪያ ከመውጣቱ በፊት አርቢው፣ ሰብሳቢው፣ የቆዳ ፋብሪካ ሠራተኛውና ቆራጩ ይጠየቁ። በአዳራሽ ስብሰባ ብቻ ሳይሆን በሥራ ቦታቸው ተገኝታችሁ። ከዓመት በኋላም «ይህን ያህል ጠበቅን፣ ይህን ያህል አገኘን፣ ምክንያቱ ይህ ነው» ተብሎ ለሕዝብ ይነገር። በ500 እና በ130 መካከል ያለው ልዩነት እንዲህ በግልጽ ቢመረመር ኖሮ ብዙ ዓመት ባልጠፋ ነበር።

የድርጅት ባለቤቶችንም ሳልወቅስ አላልፍም። ከሠራተኛ ሐሳብ ተቀብሎ ትርፉን ብቻውን የሚበላ ባለቤት ብዙ ነው። ቆጥቦ የሚቆርጥ ሰው ካተረፈው ቆዳ ድርሻ ይገባዋል። እኛ ጋ ከአንድ ቆዳ ስንት ጥንድ እንደሚወጣ መመዝገብ ከጀመርን በኋላ ከቁጠባው የተወሰነው ለመቁረጫ ክፍሉ ይከፈላል። ከዚያ ወዲህ ብጥስጣሹን ለሕፃናት ጫማ ምላስ የማዋል ሐሳብ ያመጡት ጋሼ ናቸው። ማንም አላዘዛቸውም።

ጋዜጣችሁን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። በሚቀጥለው በዓል ፎቶ አንሺያችሁን ከቆሻሻ መጣያው አልፎ ወደ ቄራው፣ ወደ ቆዳ ሰብሳቢዎቹ መጋዘንና ወደ ሞጆ ፋብሪካዎች ላኩልን። የሚመለከታቸውንም ኃላፊዎች ስለ ታክሱ፣ ስለ ጨውና ስለ ደረጃ ዋጋ ጠይቁልን። መልሱን እናነባለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የጫማ ማምረቻ የምርት ኃላፊ፣ አዲስ አበባ