ግልጽ ደብዳቤ ለፍትሕ ሚኒስትር፦ በተዘጋው መዝገብ ላይ ያለችው ሕፃን እኔ ነኝ

ክቡር ሚኒስትር፣

ስለ አሮጌ የአባትነት ፍርዶች አቤቱታ ሲደርስዎት ጸሐፊው ቀለብ መክፈል ያንገሸገሸው ሰው ይመስልዎት ይሆናል። እኔ ቀለቡ የተቆረጠልኝ ልጅ ነኝ። በፍርዱ ላይ ስሜ እንኳ በቅጡ አልተጻፈም፤ «ሕፃኗ» ነው የሚለኝ። ዛሬ የልጆች እናት ነኝ።

ፍርዱ ሲሰጥ ሁለት ዓመት አልሞላኝም ነበር። ከሳሿ እናቴ ነበረች፤ ነፍሷን ይማር። ተከሳሹ «ልጄ አይደለችም» ብሎ እስከ ይግባኝ ተከራክሮ ተረታ። ለአካለ መጠን እስክደርስ ድረስ ቀለቡን አንድም ወር ሳያጓድል ከፈለ፤ ደጃችንን ግን አንድም ቀን አልረገጠም። እኔም የካደኝ አባት እንዳለኝ እየተነገረኝ አደግሁ፤ አጥብቄም ጠላሁት። ባለፈው ዓመት ልጄ ታሞ ሐኪሞቹ በቤተሰባችን በዘር የሚወረስ በሽታ እንዳለ ሲጠይቁኝ፣ ሳልወድ በግድ ስልክ ደወልኩለት። ረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «ልነግርሽ የምችለው የራሴን ዘመዶች በሽታ ነው፤ ላንቺ የሚጠቅምሽ አይመስለኝም፤ ለምን አንመረመርም?» አለኝ። ተመረመርን። አባቴ አይደለም። በሕይወቴ ሙሉ ካደኝ እያልኩ የረገምኩት ሰው ለካ እውነቱን ነበር የተናገረው።

የድሮውን መዝገብ አስወጥቼ አነበብኩት። ሁለት የሰው ምስክሮች እናቴና እሱ አብረው ሲታዩ ነበር ብለዋል። ሦስተኛው ማስረጃ የደም ዓይነት ምርመራ ነው። እናቴ ኦ፣ እኔ ኤ፣ እሱም ኤ። ኦ ከሆነች እናት ኤ ሊወረስ ስለማይችል ከአባት የመጣ ነው፤ እስከዚህ ትክክል ነው። ነገር ግን የደሙ ዓይነት ኤ ወይም ኤቢ የሆነ ወንድ ሁሉ ያንኑ ሊያወርሰኝ ይችል ነበር። የሐኪሙ ወረቀት የሚለውም «አባት ሊሆን ይችላል» ብቻ ነው። ፍርዱ ላይ ሲደርስ ይኸው ቃል «በሕክምና ተረጋግጧል» ሆኗል። ኦስትሪያዊው ተመራማሪ ካርል ላንድስታይነር በ1901 (ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ) የደም ዓይነቶችን ለይቶ ካሳወቀ ወዲህ ለአባትነት ክርክር ያገለገለው ይህ ምርመራ አንድን ሰው «አይደለም» ሊል እንጂ «ነው» ሊል አይችልም። «አይደለም» ሲልም የሚሰማው ያጣበት ጊዜ ነበር፤ ቻርሊ ቻፕሊን የደም ምርመራው አባት ሊሆን እንደማይችል እያሳየ በ1945 በካሊፎርኒያ አባት ነህ ተብሎ ተፈርዶበታል።

እንግሊዛዊው ሳይንቲስት አሌክ ጄፍሪስ በሌስተር ዩኒቨርሲቲ ሰዎችን በዲኤንኤ መለየት የሚቻልበትን መንገድ ያገኘው በ1984 ነው። በተከታዩ ዓመት መጀመሪያ የዋለውም ለወንጀል ምርመራ ሳይሆን የአንድ ልጅና የእናቱን ዝምድና ለማረጋገጥ ነበር። የእኔ ፍርድ ከዚያ ይቀድማል። አሁን ቤተ ሙከራዎች ሃያ ያህል የዘረ መል ቦታዎችን ያነጻጽራሉ፤ ልጅ በእያንዳንዱ ቦታ አንዱን ከእናት አንዱን ከአባት ይወስዳል። በአንድ ቦታ አለመገጣጠም በተፈጥሮ ለውጥ ሊመጣ ስለሚችል ብቻውን አንድን ሰው ከአባትነት አያስወጣም። እኔና እሱ ያልተገጣጠምነው በዘጠኝ ቦታ ነው።

ውጤቱን ይዘን፣ በአንድ ወቅት በተቃራኒ ወገን የቆምን ሁለት ሰዎች በአንድ ማመልከቻ ላይ ፈርመን ዳግም ዳኝነት ጠየቅን። ማመልከቻው ተመለሰ። ፍርዱ የመጨረሻ ነው፣ የአቤቱታው ጊዜም ካለፈ ቆይቷል ተባልን። ዳኞቹን አልወቅስም፤ ያነበቡልን ሕጉን ነው። ነገር ማለቂያ ሊኖረው እንደሚገባም አውቃለሁ፤ የተፈረደ ሁሉ በየዓመቱ እንዲከፈት የሚፈልግ የለም። ግን ይርጋው የሚቆጠረው ፍርዱ ከተሰጠበት ቀን ከሆነ፣ ይህ ሰው ገና በዓለም ላይ ያልነበረ ምርመራ በጊዜው ባለማቅረቡ ነው የተቀጣው።

ሌሎች ከዚህ እንዴት እንደወጡ ይመልከቱ። የጀርመን ሕግ የወላጅነት ጉዳይ የመጨረሻ ውሳኔ ካገኘም በኋላ አንደኛው ወገን ውጤቱን ሊለውጥ የሚችል አዲስ የባለሙያ ምርመራ ካቀረበ መዝገቡ እንዲከፈት ይፈቅዳል፤ የጊዜ ገደብም አላበጀለትም። በስሎቫኪያ ደግሞ በ1970 አባት ነህ የተባለ ሰው በ2004 በዲኤንኤ አለመሆኑን አረጋገጠ፤ የአገሩ ሕግ ግን መውጫ አልነበረውም። የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት በ2006 የግል ሕይወቱ የመከበር መብት ተጥሷል ብሎ ወሰነ። ልጅ የተባለችው ሴት ትልቅ ሰው መሆኗንና አለመቃወሟን አይቶ፣ መዝገቡ ተዘግቶ መቅረቱ ማንንም እንደማይጠቅም ተናግሯል። ያንን ሳነብ ስለ እኛ የተጻፈ መሰለኝ።

የምጠይቅዎት ሰፊ በር አይደለም። የአምስት ዓመት ልጅ አሳድጎ ከእናቷ ጋር ሲጣላ የምርመራ ወረቀት ይዞ የሚሮጥ ሰው ይህን ሕግ መሸሻ እንዲያደርገው አልፈልግም፤ እዚያ ላይ ፍርድ ቤቱ የልጅቷን ጥቅም መዝኖ «አይሆንም» የማለት ሥልጣን ይኑረው። ማንም በቤቱ አፉን ጠርጎ በፖስታ የላከው ናሙናም ፍርድ አይሻር፤ ናሙናው በፍርድ ቤት ትእዛዝ፣ ማንነት ተረጋግጦ እንደገና ይወሰድ። የተከፈለ ቀለብም አይመለስ፤ እኔ በልቼዋለሁ፣ እሱም አልጠየቀኝም። ግን የቀድሞው ፍርድ የዘረ መል ምርመራ ሳይደረግ የተሰጠ ከሆነ፣ ጊዜው ውጤቱ ከታወቀበት ቀን ይቆጠር። ማመልከት የሚችለውም ተከሳሹ ብቻ አይሁን። ልጁም ይችል፤ በልደት መዝገቡ ላይ የተጻፈው የእሱም ሕይወት ነውና።

እሱ አሁን ሰባዎቹን አጋምሷል። በየሁለት ሳምንቱ እንደዋወላለን፤ ምን ብዬ እንደምጠራው ግን እስካሁን አላወቅሁም። የማመልከቻችንን፣ የምርመራውን ውጤትና የተመለሰልንን ውሳኔ ግልባጭ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ለቢሮዎ አስገብቻለሁ። መልስዎን ለሁለታችን አድራሻ ቢልኩልን እንወዳለን።

ከአክብሮት ጋር፣
በመዝገቡ ላይ «ሕፃኗ» የተባለችው