የእማማን ሙሉ ስም ላኪልኝ

ውዷ ጓደኛዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እማማስ? የጉልበታቸው ሕመም ተሻላቸው ወይስ ብርዱ መልሶ ቀሰቀሰባቸው? እኔ ካንቺ ናፍቆት በቀር፣ ክብር ምስጋና ይግባውና፣ ደህና ነኝ።

ዝምታችን ረዘመ። አንቺም ኑሮ ይዞሻል፣ እኔም ሥራና ልጅ ማሳደግ ይዞኛል። በየበዓሉ "እንኳን አደረሰሽ" ተባብለን እንጠፋፋለን። ዛሬ የምነግርሽ ግን በቴሌግራም ሁለት መስመር ልኬ የምተወው አይደለም። ለሌላ ሰው ባወራው "አሪፍ ነው" ብሎ ያልፈዋል። አንቺ ግን እማማ ሲፈትሉ እያየሽ ያደግሽ ነሽ። ይገባሻል።

ነገሩ የበግ ጸጉር ነው።

እኔ ያለሁበት ሰሜን እንግሊዝ፣ ኬንዳል አጠገብ፣ ተራራና ሐይቅ፣ ጭጋግና በግ የበዛበት አገር ነው። ኬንዳል በድሮ ዘመን በሱፍ ንግድ የከበረች ከተማ ናት። የጥንት መሪ ቃሏ እንኳ "ጨርቅ እንጀራዬ ነው" የሚል ነው። ጠዋት ተራራው በጉም ተሸፍኖ በጎቹ ሲወጡ ሳይ ልቤ ጣርማ በር ይሄዳል። እዚህ ፈልት የሚባለውን፣ ከበግ ጸጉር የሚታሽ ጨርቅ የሚሠሩ ሰዎች ማኅበር አላቸው። እኔም ገብቻለሁ። ማኅበሩ በየዓመቱ የአባላቱን የእጅ ሥራ የሚያሳይ ኤግዚቢሽን ያዘጋጃል። የዘንድሮው በቅርቡ ተጠናቀቀ። የኔም ሥራ ተሰቅሎ ነበር።

ፈልትን ታውቂዋለሽ። የአገራችን ሽማግሌዎች ለክት የሚያደርጉት ባርኔጣ ጨርቁ እሱ ነው። በእጅ ሲሠራ ግን አይተሽ አታውቂም ብዬ እገምታለሁ። አይፈተልም፣ አይሸመንም። ጸጉሩ ታጥቦና ተነድፎ እንደ ባዘቶ ይሳሳል። ከዚያ በስሱ ይነጠፋል፤ አንዱ ንጣፍ ወደ ጎን፣ የሚቀጥለው ወደ ላይ። ሙቅ ውሃና ሳሙና ይረጭበትና በመዳፍ ይታሻል። ቀጥሎ በዘንግ ተጠቅልሎ ይንከባለላል። ተፈትቶ ይታያል፣ አቅጣጫው ተቀይሮ እንደገና ይጠቀለላል። ክንድ እስኪዝል ድረስ ነው። የበግ ጸጉር በዓይን የማይታይ ቅርፊት አለው። ሙቀቱና እርጥበቱ ቅርፊቱን ያነሳዋል፣ እሽታው ደግሞ አንዱን ጸጉር ከሌላው ጋር ያቆላልፈዋል። አንዴ ከተቆላለፈ የሚፈታው የለም። ስትጀምሪ ጠረጴዛውን የሞላው ንጣፍ ሲያልቅ ሲሶው ያህል ተሰብስቦ ታገኚዋለሽ። በመቀስ ብትቆርጪው እንኳ ጠርዙ አይተረተርም።

አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ለእማማም ንገሪልኝ። ቱርክ ውስጥ ኮንያ የሚባል ከተማ አለ፤ በፈልት ሥራ የታወቀ ነው። የእነሱ የጥንት ባለሙያዎች ጸጉሩን የሚነድፉት በደጋን ነው። የእማማ የጥጥ ደጋን ትንሽ ናት፣ የእነሱ ግን ትልቅ ነው፤ በእንጨት መዶሻ ነው ጅማቱን የሚመቱት። አሠራሩ ግን ያው ነው። ጅማቱ ይነዝራል፣ የተጣበቀው ጸጉር ይበተናል፣ አቧራው ይራገፋል። ይህን ያወቅኩ ዕለት ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ጓሯችን ውስጥ የምናየው ዕቃ የዓለም ዕቃ ነው ለካ።

ሥራው ራሱ ጥንታዊ ነው። ሳይቤሪያ፣ አልታይ ተራሮች ውስጥ፣ ፓዚሪክ የሚባል ቦታ፣ በበረዶ የተዘጉ መቃብሮች ተቆፍረው ሁለት ሺህ ዓመት ከተሻገሩ ዘመናት የቆየ ፈልት ተገኝቷል። ግድግዳ የሚሸፍን ትልቅ መጋረጃ አለ፣ በጸጉር የተሞሉ የፈልት ዳክዬ መሳይ ወፎችም አሉ። ዛሬ ሴንት ፒተርስበርግ፣ ሄርሚታዥ ሙዚየም ውስጥ ናቸው። የመካከለኛው እስያ የኪርጊዝ ሴቶች ደግሞ ሺርዳክ የሚባል ምንጣፍ ይሠራሉ። ሁለት ቀለም ያለው ፈልት ደራርበው ባንድ ጊዜ ይቆርጡና የአንዱን ቁራጭ በሌላው ክፍተት ይገጥሙታል። ምንም አይጣልም። ከአንድ ድካም ሁለት ምንጣፍ ይወጣል፤ የአንዱ መደብ የሌላው ጌጥ ይሆናል። ዩኔስኮ በ2012 እ.ኤ.አ. አስቸኳይ ጥበቃ ከሚሹ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል። አስቸኳይ የሚለው ቃል ያሳዝነኛል፤ ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ ላይ ይገባሻል።

እዚህ አገር ይህ የእጅ ሥራ እንደገና ያንሰራራው ከኛው ከተማ ከኬንዳል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። አቦት ሆል የሚባለውን ሙዚየም ትመራ የነበረች ሜሪ በርኬት የምትባል ሴት ነበረች። ኢራንና ቱርክ ሄዳ ባየችው የፈልት ሥራ ተማርካ ተመለሰችና በ1979 እ.ኤ.አ. ለፈልት ብቻ የተዘጋጀ ትልቅ ኤግዚቢሽን አቆመች። በ1984 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዓለም አቀፍ የፈልት ሠሪዎች ማኅበር ብሪታንያ ውስጥ ተመሠረተ። ከዚያ በኋላ እኔ ያለሁበትን ዓይነት ትንንሽ የአካባቢ ማኅበር በየቦታው በዛ።

ማኅበር ስልሽ የድሮውን ዓይነት እንዳይመስልሽ። ለንደን ውስጥ የፈልት ሠሪዎች ማኅበር በ1604 እ.ኤ.አ. ከንጉሥ ጄምስ የመቋቋሚያ ደብዳቤ አግኝቷል። ያን ጊዜ ሥራው ባርኔጣ ነው፣ ማኅበሩም ሙያውን ከውጭ ሰው የሚጠብቅ አጥር ነው። የኛው ተቃራኒው ነው። በሩ ክፍት ነው። ዓመታዊ መዋጮ የከፈለ ሁሉ አባል ነው፣ አባል የሆነ ሁሉ ሥራውን ይሰቅላል። ዳኛ የለም፣ "ይህ አይመጥንም" ብሎ የሚመልስ የለም። አርባ ዓመት የሠራችው ሴትና ባለፈው ክረምት የጀመረችው ሴት ሥራቸው ጎን ለጎን ይሰቀላል። መጀመሪያ ይህ ነገር ደረጃውን የሚያወርደው መስሎኝ ነበር። አሁን ግን ትልቁ ኃይሉ እሱ ነው ብዬ አምናለሁ። አዲሷ ሴት የመጀመሪያ ሥራዋን ከባለሙያዋ ሥራ አጠገብ ቆማ ስታይ ምን እንደጎደላትም ምን እንዳላትም ባንድ ጊዜ ይታያታል። የትኛውም ትምህርት ቤት እንዲህ አያስተምርም።

እስቲ አዳራሹን ላሳይሽ። ከበሩ ፊት ለፊት ከወለል እስከ ጣሪያ የሚደርስ መጋረጃ ተሰቅሏል፤ ቀለም ያልነካው፣ ከበጉ ጀርባ እንደወረደ፣ ከጥቁር ጀምሮ ቀስ እያለ ወደ ግራጫ፣ ከዚያ ወደ ነጭ የሚሄድ። አጠገቡ ከሐር ጋር የታሸ ነጠላ መሳይ ሻርፕ አለ። ኑኖ ይሉታል፤ ጸጉሩ በስሱ የሐሩን ቀዳዳ አልፎ ይይዛል፣ ሲደርቅ ሐሩ ይጨማደዳል። ይህ ስልት የዛሬ ሠላሳ ዓመት ገደማ አውስትራሊያ ውስጥ የተጀመረ ነው። ብርሃን ሲያልፍበት በጣም ያምራል። ወደ ውስጥ ስትገቢ ባርኔጣዎች፣ የቤት ጫማዎች፣ ጎድጓዳ ሳህኖች አሉ። በመርፌ የተሠሩ እንስሳትም አሉ። እነሱ በሙቅ ውሃ አይታሹም፤ ጥርስ ባለው መርፌ እየተወጉ ነው የሚጠነክሩት። እውነቱን ለመናገር የመርፌው ሥራ ብዙም አይስበኝም። አንዲት ሴት የሠራቻት ረጅም ምንቃር ያላት የረግረግ ወፍ ግን አስቆመችኝ። ልትበር ስትል ያለውን የአንገቷን ሁኔታ አይቼ ሠሪዋ ስንት ጠዋት ሜዳ ላይ ተቀምጣ ወፏን እንዳየች ገባኝ።

ጥግ ላይ የሚነካ ነገር የተቀመጠበት ጠረጴዛ አለ። የተሰቀለውን መንካት ክልክል ነው፣ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ያለውን ግን ማንም ይዳስሳል። ከያንዳንዱ የበግ ዝርያ አንድ ቁራጭ ፈልት፣ አጠገቡ ያልተሠራው ጸጉር። ልጆች እዚያ ይሰበሰባሉ። አንድ አረጋዊ ገበሬ ቁራጩን በጣታቸው እያሹ ዝርያውን ሳያነቡ ሲናገሩ ሰማሁ። አንዱንም አልሳቱም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

ከያንዳንዱ ሥራ አጠገብ ትንሽ ካርድ አለ። የሠሪው ሙሉ ስም ከላይ። ከሥሩ የሥራው ርዕስ። ከዚያ ጸጉሩ ከየትኛው በግ እንደመጣ፦ ሄርድዊክ፣ ሼትላንድ፣ ዌንስሊዴል፣ ሜሪኖ። አንዳንዱ ላይ የገበሬው ስም ሳይቀር አለ። ካርዶቹን አንድ በአንድ ሳነብ የእማማ ባና ትዝ አለኝና እንባዬ መጣ። ያ ጥቁሩ፣ ሁለታችን አንድ ላይ ተጠቅልለን ያጠናንበት። ጸጉሩን እማማ አጥበው፣ ነድፈው፣ ክረምቱን ሙሉ ፈተሉት። ሸማኔው ሸመነው። በጉ የመንዝ በግ ነው። ማን ፈተለው? ማን ሸመነው? የትም አልተጻፈም። ሸማኔውን እንዲያውም "ሸማኔው" ብለን ነው የምንጠራው፤ ስሙን አሁን ብትጠይቂኝ አላውቀውም። ያገራችን ሰው ለእጅ ባለሙያ ያለውን አመለካከት አንቺም ታውቂዋለሽ። ሸማኔ፣ ቀጥቃጭ፣ ፋቂ፣ ሸክላ ሠሪ እየተባለ ስንቱ ሰው አንገቱን ደፍቶ ኖረ። የሠሩትን ለብሰን፣ በሠሩት በልተን፣ ሠሪዎቹን ናቅን። ይህ ትልቅ በደል ነው። የኪርጊዝ ምንጣፍ ለአስቸኳይ መዝገብ ሲበቃ ባናውስ የት ደረሰ ብዬ አስባለሁ። በየገበያው ርካሽ የፋብሪካ ብርድ ልብስ ተከምሯል። የሚፈትሉት እናቶች አርጅተዋል።

"ጸጉሩ ሻካራ ነው፣ ማን ይፈልገዋል?" እንደምትይኝ አውቃለሁ። ስለ ሄርድዊክ ልንገርሽ። የዚህ ተራራ በግ ነው። ግልገሉ ጥቁር ሆኖ ይወለዳል፣ ሲያድግ ግራጫ ይሆናል። ብርድ የማይበግረው እንስሳ ነው። ጸጉሩ ግን ሻካራ ነው፣ ቀለም አይቀበልም፣ ለፈልትም አስቸጋሪ ነው። ዋጋው ወርዶ ወርዶ ለሸላች የሚከፈለውን እንኳ የማይመልስበት ጊዜ ስላለ ጸጉሩን ያቃጠሉ ገበሬዎች አሉ። የኛ ማኅበር አባላት ግን ግትር ሆነው ሠሩበት። ረዘም ላለ ሰዓት አሹት፣ ከለስላሳ ጸጉር ጋር ቀላቀሉት። ያ ከበሩ ፊት ለፊት ያለው መጋረጃ አብዛኛው ሄርድዊክ ነው። ከአዳራሹ ሁሉ እሱን የሚያህል አልነበረም። ለስላሳው ሜሪኖ ያምራል፣ ግን ከየት እንደመጣ አይናገርም። ሻካራው ተራራውን ይዞ ይመጣል።

እኔ የሰቀልኩትም ከሄርድዊክ የተሠራ ነው። በጭጋግ ውስጥ የሚታዩ እርከኖች ናቸው፤ መንዝን እያሰብኩ ነው የሠራሁት። ሰው ወዶታል። ግን ካርዱ ላይ "ሄርድዊክ" ብዬ ስጽፍ ልቤ አልረካም። የመንዝ መሬት በመንዝ ጸጉር መሠራት አለበት።

ስለዚህ የምለምንሽ ነገር አለ። እዚያ አካባቢ በግ ሲሸለት ጥቁርና ቡናማ ጸጉር ግዢልኝ፤ አንድ ፌስታል ቢሆን ይበቃኛል። ታጥቦ በደንብ ይድረቅ። ከፊሉን እማማ በደጋን ቢነድፉልኝ ደስ ይለኛል። ወደዚህ የሚመጣ ሰው ካገኘሁ እደውልልሻለሁ፣ የፖስታውንም ደንብ እያጠያየቅኩ ነው። ገንዘቡን እልካለሁ፤ የእማማን የእጅ ዋጋ ጨምሬ። "ምን በወጣሽ" አይባልም፣ ሥራ ነው።

ሌላም የማስበው አለ፣ ተረጋግተሽ አስቢበት። አንቺ አስተማሪ ነሽ፣ ሰው ይሰማሻል። ደብረ ብርሃን ላይ አንድ አዳራሽ ለሁለት ቀን ቢገኝ፣ የሚፈትሉ እናቶችና ሸማኔዎች ባናቸውን፣ ዝተታቸውን ይዘው ቢመጡ፣ ከያንዳንዱ ሥራ አጠገብ ስማቸው በጉልህ ቢጻፍስ? መንግሥት አያስፈልገውም፣ ድርጅትም አያስፈልገውም። ካርድና ማርከር ነው። የአዳራሹን ኪራይ እኔና እዚህ ያሉ የአገር ልጆች እንሸፍናለን። እማማን አስቀድመሽ አማክሪያቸው፤ ማን ማን አሁንም እንደሚፈትል ከሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም።

እና የእማማን ሙሉ ስም፣ እስከ አያት፣ እሳቸው እንደሚፈልጉት አድርገሽ ጽፈሽ ላኪልኝ። የሚመጣው ዓመት ካርድ ላይ ከስሜ ቀጥሎ የሳቸው ይሰፍራል፤ ጸጉሩን የነደፉት እሳቸው ናቸውና። በአማርኛም በእንግሊዝኛም እጽፈዋለሁ። ስማቸው በአደባባይ እንዲቀመጥ ካልወደዱ ግን አልጫናቸውም፣ ፈቃዳቸውን ጠይቂልኝ። የሸማኔውንም ስም ጠይቂያቸው፣ ልጆቹ እዚያው ሰፈር ይኖሩ ይሆናል። የሥራ መመዝገቢያው ቅጽ ከፋሲካ በፊት መግባት ስላለበት መልስሽን አታዘግዪብኝ።

ልጆቹን ሳሚልኝ።

ያንቺው ጓደኛ