ዝም ያለ ጎረቤት፦ የሥነ ዜጋና ሰብአዊ መብት ክበብ በ2017 ዓ.ም

ዓመቱን ሙሉ ስታፍ ሩም ውስጥ አንድ ጥያቄ ስመልስ ከረምኩ። «የራሳችን ጣጣ አንሶ ነው ልጆቹን በዚምባብዌ የምታስጨንቂያቸው?» ጠያቂዎቹ የማከብራቸው ባልደረቦቼ ናቸው። ጥያቄውም ከክፋት የመጣ አይደለም። ግን ሻይ እየጠጣን በሁለት ደቂቃ የሚመለስ ነገር አልሆነልኝም። ስለዚህ እዚህ ልጻፈው። የክበባችን ዘገባም መልሱም አንድ ነው።

ነገሩ የተጀመረው ኅዳር ላይ ነው። 34 ልጆች ይዤ መስቀል አደባባይ ዳር ወዳለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ሄድን። ሙዚየሙ መግቢያ አያስከፍልም፣ ታክሲ ግን ያስከፍላል። የጠየቅነው የትራንስፖርት ብር ስላልተፈቀደ ልጆቹ አዋጥተው ነው የሄዱት። አራቱ መዋጮ ስላጡ ሊቀሩ ነበር፤ ጓደኞቻቸው ጠዋት በር ላይ ሲሰሙ ሳንቲም ለቃቅመው ሞሉላቸው።

እስከ ደጁ ድረስ እየተሳሳቁ፣ ፎቶ እየተነሱ ነበር የመጡት። ውስጥ ስንገባ ድምፃቸው ጠፋ። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች የሟቾች ፎቶ ነው። ብዙዎቹ ወጣቶች ናቸው፣ አንዳንዱ ፊት የእኛ 12ኛ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ነው የሚመስለው። መስታወቱ ውስጥ አጥንት አለ። ከጅምላ መቃብር የወጣ። አስጎብኚው ረጋ ብለው እያስረዱ ሳለ አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ እጁን አወጣ፣ ልክ ክፍል ውስጥ እንዳለ። «ይሄን ያዘዘው ሰውዬ አሁን የት ነው?»

«ሐራሬ» አሉት።

«ታስሮ?»

«አይ። ቤቱ ነው ያለው።»

ልጁ ወደ እኔ ዞረ። «ቲቸር፣ ጎረቤቶቹ ምንም አይሉም እንዴ?»

የዓመቱ ሥራችን እዚያች ጥያቄ ላይ ተወለደ።

ብዙዎቻችሁ የምታውቁትን ባጭሩ ላስታውስ። ኮሎኔል መንግሥቱ ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም ከአገር ወጡ፣ የዚምባብዌው መሪ ሮበርት ሙጋቤም ሐራሬ ላይ ተቀበሏቸው። የእኛ ፍርድ ቤት በ1999 ዓ.ም በሌሉበት በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኛ አላቸው፤ ግንቦት 2000 ዓ.ም ደግሞ ቅጣቱ ወደ ሞት ከፍ አለ። የዚምባብዌ መንግሥት አሳልፎ አልሰጠም። ምክንያቱ ውለታ ነው፤ በነፃነት ትግሉ ዘመን ደርግ የሙጋቤን ተዋጊዎች ረድቶ ነበር።

በሚቀጥለው ሐሙስ ሁለት የ12ኛ ክፍል ልጆች አንድ ነገር ቆፍረው መጡ። እ.ኤ.አ. በ1999 መጨረሻ መንግሥቱ ለሕክምና ጆሃንስበርግ ገብተው ነበር። ዴሞክራሲ በሆነችው ደቡብ አፍሪካ፣ ሆስፒታል ውስጥ። የመብት ተሟጋቾች ይያዙ ብለው ጮኹ። ኢትዮጵያም ጠየቀች። ሳይያዙ ወደ ሐራሬ ተመለሱ። አንዷ ልጅ «ማንዴላ ኮልፌ ነው የሰለጠኑት አላላችሁንም?» አለች። ክፍሉ ለትንሽ ጊዜ ፀጥ አለ፣ እኔም የምለው አጣሁ።

ከዚያ በኋላ ዚምባብዌንና ጎረቤቶቿን ዝም ብሎ ማለፍ አልተቻለም። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት በየሐሙሱ ተሰብስበናል፤ የስብሰባውን ዝርዝር እዚህ አልደረድርም፣ ቃለ ጉባኤው ላይብረሪ አለ። ያነበብነውን ግን ልናገር። እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ ማታቤሌላንድ በተባለው የዚምባብዌ ክፍል በሰሜን ኮሪያ አሠልጣኞች የሰለጠነው የመንግሥት ጦር፣ አምስተኛው ብርጌድ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ገደለ፤ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ግምት 20,000 ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2005 መንግሥት ደሃ ሰፈሮችን በዶዘር ጠራርጎ አፈረሰ። በተባበሩት መንግሥታት ግምት 700,000 ሰው ቤቱን ወይም እንጀራውን አጣ። የዘመቻው ስም በሾና ቋንቋ «ቆሻሻውን ማስወገድ» ማለት ነው። ይሄን ስም ሰሌዳ ላይ የጻፈው ልጅ ጽፎ ሲጨርስ ጠመኔውን አስቀምጦ ሄዶ ተቀመጠ።

ያልተሳካውንም ልናገር። በመጀመሪያው መንፈቅ 41 የነበርነው በሁለተኛው 29 ሆነን ቀረን። የክበቡ ሊቀመንበር በፈተና ጭንቀት ለቀቀ። ፕሮጀክተሩ ጥር ላይ ተቃጠለ፣ እስካሁን አልተጠገነም። አንድ ክርክርም ከእጄ ወጥቶ ነበር፤ ነገሩ ወደራሳችን ፖለቲካ ዞረና ልጆቹ መጯጯህ ሲጀምሩ ደወል ሳይደወል አሰናበትኳቸው። ያን ቀን ልበ ሰፊ ብሆን ኖሮ ይሻል ነበር።

አሁን ወደ ሚያዝያ 4 ልምጣ። ቅዳሜ ነበር፣ የሆሳዕና ዋዜማ። ልጆቹ ገና ከአሁኑ የዘንባባ ቀለበት አጥልቀው ነው የመጡት። ከላይብረሪው ጀርባ ባለችው ክፍል የደቡባዊ አፍሪካ መሪዎች በዛምቢያ ዋና ከተማ ሉሳካ ስለ ዚምባብዌ ያደረጉትን ጉባኤ በትወና አቀረብን። ቀኑን የመረጥነው አስበንበት ነው፤ እውነተኛው አስቸኳይ ጉባኤ የተጀመረው ልክ በዚያ ቀን፣ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 12 ቀን 2008 ነው። ዚምባብዌ ምርጫ አድርጋ ሁለት ሳምንት ሆኗታል፣ የፕሬዚዳንቱ ውጤት ግን አልወጣም። የዛምቢያው ሌቪ ምዋናዋሳ ጎረቤቶቹን ጠሩ። ሙጋቤ አልመጡም። እኛም ወንበራቸውን ባዶ አስቀመጥነው፣ ፊት ለፊቱ ስማቸውን ጽፈን። ያ ባዶ ወንበር ከተናጋሪዎቹ ሁሉ በላይ ዓይን ሲስብ ዋለ።

የደቡብ አፍሪካውን ፕሬዚዳንት ታቦ ምቤኪን የሆነው ልጅ በጣም ተዘጋጅቶ ነበር። ምቤኪ በዚያው ቀን ሐራሬ ላይ ከሙጋቤ ጋር ቆመው ይሄ ቀውስ አይደለም፣ የተለመደ የምርጫ ሂደት ነው ማለታቸውን ሳይሸሽግ አነሣው። ከዚያ ተከላከለላቸው። «እኔ ከጮህኩበት በሩን ይዘጋል። በሩን ከዘጋ ማን ያናግረዋል? ስደተኛው የሚመጣው እኔ ቤት ነው።» ቦትስዋናን የያዘችው ልጅ አላስቀመጠችውም። «መብራት እኮ ካንተ ነው የሚገዛው! እንዴት አቅም የለኝም ትላለህ?» የቦትስዋናው ኢያን ካማ ሥልጣን ከያዙ ገና ሁለተኛ ሳምንታቸው ነበር፤ በኋላ የሙጋቤን የሁለተኛ ዙር ምርጫ ድል አልቀበልም ብለው በግልጽ የተናገሩት እሳቸው ናቸው። ወዲያው ደግሞ ከኋላ አንዱ ተነሥቶ ቦትስዋና እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምራ በድንበሯ ላይ የኤሌክትሪክ አጥር መትከሏን አስታወሳት፣ ለከብት በሽታ ነው ተብሎ። ወንድሙ ደቡብ አፍሪካ ሱቅ ያለው ሌላ ልጅ እ.ኤ.አ. ግንቦት 2008 በስደተኞች ላይ በተነሣው ጥቃት 62 ሰዎች መሞታቸውን ሲናገር ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። መሪዎች ዝም ያሉት ነገር ዞሮ ደሃው ላይ ነው የወረደው።

አንድ ወንበር ጉባኤው ላይ ያልነበረ እኔ ጨምሬ ነበር፣ የደቡብ አፍሪካዋ የደርባን ወደብ ሠራተኞች ወንበር። ማንም አልፈለገውም። ሁሉም ፕሬዚዳንት መሆን ነው ያማረው። በመጨረሻ ዓመቱን ሙሉ አንድ ቃል ሳትናገር ለከረመች የ10ኛ ሐ ልጅ ደረሳት።

ታሪኩ ይሄ ነው። ከጉባኤው በኋላ በነበሩት ቀናት አን ዩ ጂያንግ የተባለች የቻይና መርከብ ወደ ዚምባብዌ የሚሄድ 77 ቶን ገደማ መሣሪያ ይዛ ደርባን ደጅ ቆመች። ወደ 3 ሚሊዮን የሚጠጋ ጥይት ነበራት። ዚምባብዌ እንደኛው ወደብ የላትም፣ ዕቃው በጎረቤት መሬት ማለፍ አለበት። የደቡብ አፍሪካ መንግሥት ሕጋዊ ንግድ ነው፣ ጣልቃ አልገባም አለ። የጭነት ሰነዱ ቅጂ ግን ጋዜጠኛ እጅ ገብቶ ነበር። የወደብ ሠራተኞቹ ማኅበር አናወርድም አለ። የአንግሊካኑ ጳጳስ ሩቢን ፊሊፕና አጋሮቻቸው ፍርድ ቤት ሄዱ፣ ፍርድ ቤቱም ዕቃው በአገሪቱ እንዳያልፍ አገደ። መርከቧ መልሕቋን ነቅላ ሄደች።

ልጅቷ ተነሣች። ወረቀት አልያዘችም። የዘንባባ ቀለበቷን እያዞረች መሬት መሬት እያየች ጀመረች።

«አባቴ መርካቶ ጫኝና አውራጅ ነው። ማታ ጠየቅኩት። ሰው የሚገድል ዕቃ ቢመጣ ታወርዳለህ አልኩት። 'ማን ይነግረኛል?' አለኝ። 'ካርቶኑ ታሽጎ ነው የሚመጣው።' ደርባን ላይ ግን የነገራቸው ሰው ነበር።» ትንሽ ቆየች። «ከዚያ አባቴ ተኝቷል ብዬ መብራት ሳጠፋ ተናገረ። 'ካወቅኩማ እጄ መች ይነሣል?' አለኝ።»

ተቀመጠች። ምቤኪን የሆነው ልጅ የመልስ ደቂቃ ነበረው። አልተጠቀመበትም።

19 ዓመት አስተምሬያለሁ። ክፍል ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ሁለቴ ሦስቴ ቢገጥመኝ ነው።

የራሴን አቋም ልጆቹ ደጋግመው ጠይቀውኛል፣ እዚህም አልደብቀውም። የምቤኪ የዝምታ ዲፕሎማሲ ባዶ እጁን አልቀረም። እ.ኤ.አ. መስከረም 15 ቀን 2008 ሙጋቤና የተቃዋሚው መሪ ሞርጋን ቻንጊራይ ሥልጣን ለመጋራት የፈረሙት በእሳቸው አደራዳሪነት ነው። ግን እስከዚያ ድረስ ስንት ሰው ተደበደበ፣ ስንቱ ሞተ? ቻንጊራይ ደጋፊዎቼ እየተገደሉ ነው ብለው ከሁለተኛው ዙር የወጡት ያንን ፊርማ ሦስት ወር ሊቀረው ነው። እኔ ይቅር ማለት ያቃተኝ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2002ቱ የዚምባብዌ ምርጫ ምቤኪ ሁለት የደቡብ አፍሪካ ዳኞች ልከው ነበር። ዳኞቹ ምርጫው ነፃና ፍትሐዊ ነው ሊባል አይችልም ብለው ጻፉ። ሪፖርቱ ተደበቀ። አንድ ጋዜጣ ለዓመታት ተሟግቶ ነው እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው። ጎረቤት ዝም ሲል ሳያውቅ ቀርቶ ነው እንላለን። እዚህ ላይ ግን አውቀው ነበር፣ በዳኛ እጅ ተጽፎ መሳቢያ ውስጥ ነበር። ልጆቹ ይሄን በአማርኛ አንድ ቃል አገኙለት፦ ይሉኝታ። ሙጋቤ ለመንግሥቱ ውለታ ነበረባቸው፣ ምቤኪ ደግሞ በዕድሜም በትግልም የሚበልጧቸውን ሙጋቤን ያፍሩ ነበር። የሚከፍለው ግን ውለታ ያልበላው ሰው ነው።

አሁን ወደ ብሩ። የእግር ኳስ ክበባችን አዲስ ማልያ በማግኘቱ ከልቤ ደስ ብሎኛል፣ ልጆቹ ይገባቸዋል። የእኛ ክበብ በዓመት ያገኘው ግን ሁለት ማርከርና አንድ ደስታ ወረቀት ነው። ቀሪውን ከራሴና ከልጆቹ ኪስ አወጣን። ሰነድ ፍለጋው የተሠራው በልጆቹ ስልክ፣ በራሳቸው ካርድ ነው። ለጉብኝት ደብዳቤ የጻፍንለት አንድ ተቋም ከየካቲት ጀምሮ መልስ አልሰጠንም። ለ2018 የምንፈልገው ብዙ አይደለም። አይሲቲ ክፍሉ ሐሙስ ሐሙስ እስከ 11 ሰዓት ክፍት ይሁንልን። ፕሮጀክተሩ ይጠገን። ለሁለት ጉዞ የሚሆን የአውቶቡስ ኪራይ ይመደብልን፣ አንደኛው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ወደተመሠረተበት አፍሪካ አዳራሽ ነው። የአፍሪካ ኅብረት መቀመጫው እዚሁ ከተማችን ነው፤ ልጆቻችን ደጁን ሳያዩ 12ኛን መጨረስ የለባቸውም። ወላጅ መምህር ኅብረቱ (ወመህ) በሚቀጥለው ስብሰባው አጀንዳ እንዲያደርገው እጠይቃለሁ። የቀድሞ ተማሪዎቻችን፣ በተለይ ውጭ ያላችሁ፣ ይሄን ካነበባችሁ ምክትል ርዕሰ መምህሩ ቢሮ የክበባት መዝገብ አለ።

ሰኔ ላይ በወላጆች ቀን የመርከቧን መንገድ በሰማያዊ ማርከር የሳልንበትን ካርታ ኮሪደሩ ላይ ለጠፍነው። የዚያች ልጅ አባት ከሥራ በቀጥታ ነው የመጡት፣ ትከሻቸው ላይ አቧራው ነበር። ካርታው ፊት ለረጅም ጊዜ ቆሙ። ልጃቸው በጣቷ ከደርባን እስከ አንጎላዋ ሉዋንዳ አሳየቻቸው። አንጎላም ለራሷ የመጣውን ዕቃ ብቻ አስወርዳ መሣሪያውን እንዳላስነካች ነገረቻቸው። ሰምተው ሲያበቁ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

«ሠራተኞቹ የዚያን ቀን ሒሳባቸው ተከፈላቸው?»

ልጅቷ ማርከሩን አነሣችና ጥያቄውን ደርባን ጎን ጻፈችው። ካርታው አልተነሣም፣ መስከረም ላይ ስንመለስ ከዚያ እንጀምራለን።