ስምንት ገጽ የጎደለው መጽሐፍ፦ ከደሴ የድጋፍ ጥሪ

መጽሐፉ ሽፋን የለውም። ርዕሱን አናውቅም። ደራሲውንም አናውቅም። ፒያሳ መንገድ ዳር ከተዘረጉ አሮጌ መጻሕፍት መሃል በ60 ብር ነው የገዛሁት። ሻጩ «የወንጀል ታሪክ ነው፣ ከያዘህ አይለቅም» አለኝ። እሱስ እውነቱን ነው። «ሙሉ ነው?» ስለው «ሙሉ ነው» ያለኝ ላይ ነው የዋሸኝ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አንድ ሰዓት ሠሪ ሱቁ ውስጥ ሞቶ ይገኛል። በሩ ተቆልፏል። ቁልፉ ግን ውስጥም የለ፣ ሟቹ ኪስም የለ። ግድግዳው ላይ ከተደረደሩት ሰዓቶች የሚሠራው አንድ ብቻ ነው። መርማሪው መቶ ሰባ ምናምን ገጽ ሙሉ ሲለፋ ይከርምና ተጠርጣሪዎቹን በሙሉ እዚያው ሱቅ ውስጥ ይሰበስባል። ጉሮሮውን ይጠርጋል። «የምፈልገው ሰው እዚሁ መሃላችን ቆሟል» ይላል። ገጽ 184 ላይ ነን። ከዚያ በኋላ ያለው የስፌቱ ክር ነው።

አንድ ቅጂ ብቻ ስላለን ለንባብ ክበባችን ልጆች ጮክ ብዬ ነበር የማነብላቸው። ስድስት ቅዳሜ ፈጅቶብናል። እዚህ ስንደርስ ቤቱ በጩኸት ተናጋ። አንዱ መጽሐፉን ነጥቆኝ ገለበጠው። አንዷ ደግሞ ከስፌቱ ሥር የቀሩትን ቁራጮች በጥፍሯ እያነሳች ቆጠረች። አራት ቅጠል። ስምንት ገጽ።

«በሉ፣ መጨረሻውን ራሳችሁ ጽፋችሁ ኑ» አልኳቸው። ከጩኸቱ ለማምለጥ ያህል ነው እንጂ ይጽፋሉ ብዬ አይደለም። በሳምንቱ 14 ልጆች ከደብተር የተገነጠለ ወረቀት ይዘው መጡ። ስድስቱ ሚስቱን ወነጀሉ። አራቱ ሱቁ በር ላይ የሚቆመውን ሎተሪ አዟሪ። ሁለቱ ታናሽ ወንድሙን። አንዱ፣ ደፋር ነው፣ መርማሪውን ራሱን። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ደግሞ «የገደለው ከሰሉ ነው» ብላ ጻፈች።

ሳቁባት። እሷ ግን ገጽ 31ን እንዳወጣ ጠየቀችኝ። አወጣሁት። ሱቁ ውስጥ የከሰል ምድጃ አለ። መስኮቱ ብርድ እንዳያስገባ በጨርቅ ተወትፏል። በገዛ አንደበቴ አንብቤው አልፌዋለሁ። ያውም ሥራዬ ፋርማሲ ነው! ከሰል ሲታፈን የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ሰው በተኛበት ይወስደዋል። የደሴን ብርድ ያየ ሁሉ ይህን ያውቃል። ከሰል ሳይጠራ ወደ ቤት አታስገባ እየተባለ ነው ያደገው።

አንዱ ልጅ ግን አልለቀቃትም። «ታዲያ ከሰሉ በሩን ቆልፎ ቁልፉን ይዞ ሄደ?» አላት።

ዝም አለች። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሁለት ገጽ ጨምራ መጣች። «መስኮቱን የወተፈው ማን ነው?» የሚል ርዕስ ሰጥታዋለች።

ይህን ጥሪ የምጽፈው ለእነዚህ ልጆች ነው። ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 18 ነው። ሠላሳ ያህል ናቸው፤ ዝናብ ሲሆን ያንሳሉ፣ ፈተና ሲደርስ ይጠፋሉ። የምንሰበሰበው ቧንቧ ውሃ ከሚባለው ሰፈር ብዙም ሳይርቅ፣ የሰፈሩ ዕድር ድንኳኑንና ድስቱን በሚያስቀምጥበት ቤት ነው። ግማሹን ለቀውልናል። ለቅሶ ሲኖር ድስቱ ይወጣና ቦታው ይሰፋልናል። (ይህን ስል ራሴም ይቀፈኛል፤ ግን እውነት ነው።) በ2014ቱ ጦርነት በደቡብ ወሎ ብዙ ትምህርት ቤቶች ሲዘረፉ መጽሐፍም አብሮ ሄዷል። እነዚህ ልጆች ያኔ አንደኛ ደረጃ ነበሩ። ትርፍ መጽሐፍ ደርድሮ የሚጠብቃቸው ቤት ያላቸው ጥቂቶች ናቸው።

ለምን የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ? ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። «ታሪክ አታስነብቧቸውም? ሳይንስስ?» ይሉኛል። መጀመሪያ ያን ሞክረናል። በሦስተኛው ሳምንት አራት ልጅ ቀረን። ስልኩን ትቶ የሚመጣ ልጅ ከስልኩ የበለጠ የሚይዘው ነገር ይፈልጋል። «ማን ነው ያደረገው?» የሚል ጥያቄ ይይዛል። ደግሞ ባዳ ነገር አይደለም። ማታ ማታ «እንቆቅልህ» «ምን አውቅልህ» እየተባባልን፣ ሲያቅተን አገር እየሰጠን ያደግን ሰዎች ነን።

ሌላም አለ። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ዝም ብለው ካነበቡት ይቀጣል። ገጽ 31ን ዘልሎ ያለፈ ገጽ 184 ላይ ያፍራል። ሼርሎክ ሆልምስ የሚባለውን የልብ ወለድ መርማሪ የፈጠረው ደራሲ ኮናን ዶይል ሐኪም ነበር። ኤዲንብራ ሲማር ጆሴፍ ቤል የሚባል መምህር ነበረው። ገና በሽተኛው ሲገባ አረማመዱንና እጁን አይቶ ሥራው ምን እንደሆነ ይናገራል። ሆልምስ የተቀዳው ከእሱ ነው። የወንጀል ታሪክ ደራሲዋ አጋታ ክሪስቲም ብትሆን ስለ መርዝ የተማረችው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሆስፒታል መድኃኒት ክፍል ስትሠራ ነው። ይህን ለልጆቹ ነገርኳቸው። አሁን በየቅዳሜው «የትኛው መርዝ ነው ቡና ውስጥ የማይታወቀው?» እያሉ ያስጨንቁኛል። አልነግርም። ምክንያት ፈልጉለት፣ ፍንጭ ፈልጉለት፣ መርዙን እኔ በኋላ እሞላላችኋለሁ እላቸዋለሁ።

ልጆቹ አሁን ራሳቸውም ይጽፋሉ። የምርመራ ታሪክና ልብ አንጠልጣይ ታሪክ ልዩነታቸው አልገባ ብሏቸው ነበር። በአውቶቡስ አስረዳኋቸው። ከወልዲያ ወደ ደሴ የሚመጣ አውቶቡስ ላይ አንዲት እናት ቦርሳ ይዘዋል። መርሳ ላይ ነበረ። ውርጌሳ ላይ ነበረ። ሐይቅ ሲደርሱ የለም። ውጫሌ ላይ የወረዱት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። ማን ወሰደው? ይህ ምርመራ ነው፤ ነገሩ አልፏል፣ አንባቢው ወደ ኋላ ይቆፍራል። አሁን ቦርሳውን ማን እንደወሰደው ከመጀመሪያው ንገሩኝ። ውስጡ ያለው ገንዘብ ነገ ጠዋት ልጃቸው ሆስፒታል የሚከፍለው እንደሆነም ንገሩኝ። ሌባው አጠገባቸው ተቀምጦ «አብሽሪ እናቴ፣ ይገኛል» ይላቸዋል። አሁን የምንፈራው ለሚመጣው ነው። ልብ የሚያንጠለጥለው ይኼ ነው።

አንድ አባት ግን ተቆጥተው መጡብን። «ልጄን ነፍስ ማጥፋት ነው የምታስተምሩት?» አሉ። ስጋታቸው ስጋት ነው፤ አላጣጣልኩትም። ለአዋቂ ከተጻፉት መካከል ደም የሚያፈሱት ለማፍሰስ ብቻ የሆነ፣ የአልጋ ታሪክ የሚያበዙም አሉ። እነሱን ከልጆቹ መደርደሪያ አናስገባም። ክበቡን የምንመራው ሁለታችን ሳናነበው አንድም መጽሐፍ አይገባም። ለሰውየው ይህን ነግሬ ቁጭ ብለው እንዲሰሙ ለመንኳቸው። የሰዓት ሠሪው ክርክር ላይ ደረሱ። ሲጨርሱ የተናገሩት አንድ ነገር ነው፦ «ያን ሎተሪ አዟሪ ልቀቁት። ደሃ ስለሆነ ነው የጠረጠራችሁት።» አራቱ ከሳሾች መሬት መሬት አዩ። ከመጽሐፉ ውስጥ አንድ ማስረጃ ማምጣት አልቻሉም ነበር።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር፤ ብር ከመጠየቄ በፊት መስማት አለባችሁ። ስንጀምር 40 መጽሐፍ ነበረን። ሳንመዘግብ አዋስን። ማን ምን እንደወሰደ በቃሌ እይዛለሁ ብዬ ነው። 17 ተመለሱ። የመርማሪ ታሪክ የሚያነብ ክበብ ሆነን የገዛ መጽሐፋችንን የወሰደውን ማግኘት አቃተን። ሰፈሩ ሳቀብን፤ እውነታቸውን ነው።

ያኔ የዕድሩ ዳኛ፣ ትልቅ አባት ናቸው፣ ስለ አውጫጭኝ አወሩልን። ድሮ ከብት ሲጠፋ ወይም ቤት ሲቃጠል ያገሩ ሰው ሁሉ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። ጥፋተኛው ሳይታወቅ ወደ ቤቱ የሚሄድ የለም። እያንዳንዱ ይምላል። ፊት ለፊት መናገር የሚፈራም ሹክ የሚልበት መንገድ አለው። ሌባ ሻይንም ጨመሩልን፤ ልጅ መድኃኒት ጠጥቶ፣ በገመድ ተይዞ እየሮጠ፣ የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባል እንደነበረና በኋላ በመንግሥት እንደተከለከለ። ሌባ ሻይን ልጆቹ አልወደዱትም። «ማስረጃ የለውም» አሉ። አውጫጭኙን ግን ወደዱት።

አደረጉት። በር ዘግተው ክብ ሠርተው ተቀመጡ። የብስኩት ካርቶን ቀዳዳ አበጅተውለት «ወፍ» አሉት። የሚያውቅ ሰው ስም ሳይጽፍ ወረቀት ይጨምራል። የመጀመሪያው ቀን ምንም አልተገኘም። ሰኞ ጠዋት ግን የዕድሩን ቤት የምትጠርገዋ እህት በሩ ሥር በፌስታል የታሰሩ 9 መጻሕፍት አገኘች። ማን እንዳመጣቸው ዛሬም አናውቅም። አንጠይቅምም። አሁን ግን ባለ 100 ገጽ ደብተር አለን፤ የሚወስድ ይፈርማል፣ የሚመልስ ይፈርማል።

ችግራችን መጽሐፉ ራሱ ነው። በአማርኛ የወንጀልና የስለላ ታሪክ ሞልቶ ነበር። የስለላና የጦርነት ታሪኮችን በመተርጎም ስማቸው የሚነሳው ደራሲ ማሞ ውድነህ የወሎ ልጅ ናቸው፤ የተወለዱት ዋግ ነው። ግን አብዛኛው ለአዋቂ የተጻፈ ነው። ብዙዎቹም ዳግመኛ ሳይታተሙ ቀርተው የሚገኙት እንደኔው ከመንገድ ዳር፣ ሽፋን አልባ ሆነው ነው። ባለታሪኩ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ የሆነበት፣ ትምህርት ቤቱ እነሱ የሚማሩበትን የሚመስል፣ በአማርኛ የተጻፈ የምርመራ ልብ ወለድ ፈልጌ ያገኘሁት ጥቂት ነው። እንግሊዝኛውን የሚደፍሩ አምስት ስድስት ልጆች አሉን። ለሌላው ይከብደዋል። መዝገበ ቃላት እያዩ የሚያነቡት ታሪክ ልብ አያንጠለጥልም።

ስለዚህ ያሰብነው ይህን ነው። 120 ያህል መጽሐፍ መግዛት እንፈልጋለን። አንዱን በአማካይ በ500 ብር ካገኘነው 60,000 ብር ይሆናል። ከተቻለ ከአንዱ ርዕስ ሦስት አራት ቅጂ፤ አንድ መጽሐፍ በሠላሳ ጆሮ መስማት ይበቃናል። ቁልፍ ያላቸው ሁለት መደርደሪያዎች የሰፈሩ አናጺ በ26,000 ሊሠራልን ተስማምቷል፤ እግራቸው ከፍ ያለ እንዲሆን ነግረነዋል፤ የደሴ ክረምት ወለል ለወለል እንደሚመጣ እሱም ያውቀዋል። መብራት ሲጠፋ የምንጠቀምበት ሁለት የፀሐይ መብራት 6,000። የቀረው 24,000 ልጆቹ ራሳቸው የጻፏቸውን ታሪኮች በ200 ቅጂ ለማሳተም ነው። የአውቶቡሱ ታሪክ እዚያ ውስጥ አለ። የከሰሉም አለ።

ጠቅላላው 116,000 ብር ነው። ዕድሩ፣ የሰፈሩ ሰውና እኛው አዋጥተን 31,500 ደርሰናል። 84,500 ይቀረናል። ቆርቆሮውን ዕድሩ በራሱ ወጪ ጠግኖልናል፤ እሱን አልቆጠርነውም።

ገንዘቡ የሚገባው በዕድሩ ስም በተከፈተ ሒሳብ ነው፤ የሚወጣው በሦስት ሰው ፊርማ ነው፤ እኔ ከሦስቱ አንዱ አይደለሁም። ቁጥሩን የዕድሩ ጸሐፊ ይሰጣችኋል። 50 ብርም ቢሆን ደረሰኝ ይቆረጥለታል። ደሴ ያላችሁ ቅዳሜና እሁድ ከሰዓት በኋላ ብቅ በሉ፤ ቡና አለ። ኮምቦልቻና ሐይቅ ያላችሁ ለገበያ ስትመጡ ጎራ በሉ። አዲስ አበባ ያላችሁ ወደ ደሴ ለሚመጣ ዘመድ አስይዙልን። ውጭ ያላችሁ የወሎ ልጆች በቤተሰቦቻችሁ በኩል ብትልኩልን ይደርሰናል።

መጽሐፍ የምትሰጡ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ከቤት ለማስወጣት የፈለጋችሁትን ሁሉ አትላኩልን። ባለፈው አንድ ደግ ሰው ሁለት ማዳበሪያ ከረጢት ላኩልን። ውስጡ የድሮ የሒሳብ መማሪያ፣ እንዴት ሀብታም መሆን እንደሚቻል የሚናገሩ 11 መጻሕፍትና የ1998 የቀን መቁጠሪያ ነበር። አመስግነናል። ግን ቦታ የለንም። እናንተን በልጅነታችሁ እንቅልፍ የነሳችሁን አንድ መጽሐፍ ላኩልን። ከመላካችሁ በፊት ደግሞ የመጨረሻውን ገጽ እዩልን።

ያን የሰዓት ሠሪ ታሪክ የምታውቁት ካላችሁም ርዕሱን ጻፉልን። ሙሉ ቅጂ ያለው ሰው ካለ አውሶን ስምንቱን ገጽ ፎቶ ኮፒ አድርገን እንመልሳለን፤ ተፈርሞበት። ገዳዩ ማን እንደሆነ ግን እንዳትነግሩን። ልጅቷ አሁን ሦስተኛውን ማስረጃ ከገጽ 97 አግኝቻለሁ እያለች ነው።