ፕላዝማ ለቁስል፦ ዙሩን ብቻ አትቁጠሩ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ከቀዶ ሕክምና በኋላ አልሽር ላለ ቁስል የታካሚውን የራሱን ፕላዝማ (ፕሌትሌት የተባሉት ደም የሚያረጉ ጥቃቅን ሕዋሶች የበዙበትን ቢጫ የደም ፈሳሽ) ልጠቀም የሚል ክሊኒክ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ካለ፣ ይህን ይያዝልን።

ደሙ፣ መርጋትን የሚከለክለው ሶዲየም ሲትሬት ባለበት ቱቦ ይቀዳ። ለደም ቆጠራ የለመድነው ባለ ሐምራዊ ክዳኑ የኢዲቲኤ ቱቦ ፕሌትሌቱን ያሳብጠዋልና አይሆንም። ቱቦው በሴንትሪፊዩጅ (ደምን አሽከርክሮ በሚለይ ማሽን) ይዞራል። በመጀመሪያው ለስላሳ ዙር ቀዩ ደም ይዘቅጣል፤ ፕላዝማው ከነስስ ነጭ ሽፋኑ ወደ ሌላ ንጹሕ ቱቦ ተገልብጦ ጠንከር ባለ ፍጥነት ይዞራል። የላይኛው ሁለት ሦስተኛ ይወገዳል፤ የሚፈለገው የታችኛው ሲሶ ነው። ግቡ በማይክሮ ሊትር 1,000,000 ገደማ ፕሌትሌት ነው፤ ጤነኛ ደም ከ150,000 እስከ 450,000 ይይዛል።

ብዙው የሚበላሸው ከመመሪያ ላይ የዙር ቁጥር ሲገለበጥ ነው። በደቂቃ 1,500 ዙር፣ ከማሽኑ መሐል እስከ ቱቦው ጫፍ 10 ሴንቲ ሜትር ሲሆን 250 ጂ (የመሬት ስበት 250 እጥፍ ኃይል) ገደማ፣ 15 ሲሆን ግን 377 ጂ ይሰጣል። ያኔ ፕሌትሌቱ ከቀዩ ጋር ወርዶ ሊቀር ይችላል፤ ከላይ የሚቀዳው ፕሌትሌት ያነሰው ቢጫ ውሃ ይሆናል። ማስመሪያ ያዙ እንጂ!

የደሴ ብርድም አለ። ፕሌትሌት ከ20 እስከ 24 ዲግሪ ይፈልጋል፤ ፍሪጅማ ጭራሽ። ፕሌትሌቱን የሚያነቃው ካልሲየም ክሎራይድ ከተጨመረ በኋላ ሳይዘገይ ቁስሉ ላይ ይደረግ፤ የፕሌትሌቱ ፈዋሽ ፕሮቲኖች በአብዛኛው በመጀመሪያው ሰዓት ይወጣሉና።

መግል የያዘ ወይም የሞተ ሥጋው ያልተነሣ ቁስል ላይ ማፍሰስ ደም ማባከን ነው። ጥናቶቹም ለሁሉም ቁስል እኩል አልመሰከሩለትም፤ ገንዘብ ከመጠየቁ በፊት ይኼ ለታካሚው ይነገረው።

የላቦራቶሪ ባለሙያዎች፣ ከደሴ