«ተፈቷል» የሚለውን ቃል ማን ይጻፈው?

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

የነዋሪዎች ቅሬታ በአካባቢ አስተዳደር ጽሕፈት ቤቶች ስለሚስተናገድበት መንገድ በየጊዜው ሲጻፍ አነባለሁ። አብዛኛው ጽሑፍ ስለ ወረፋው፣ ስለ ምልልሱና ስለ «ነገ ተመለሱ» ነው። እኔም ተመላልሻለሁና ምሬቱን አውቀዋለሁ። ዛሬ የምጽፈው ግን ከዚያ በኋላ ስለሚመጣው ነገር ነው። ቅሬታው ተመዝግቦ፣ ቁጥር ተሰጥቶት፣ ሠራተኛም ተልኮለት «ተፈቷል» ተብሎ ስለሚዘጋበት ሰዓት። ብዙ ቅሬታ መና የሚቀረው እዚያ ላይ ይመስለኛል።

በምኖርበት መንደር ከቤታችን ፊት ለፊት የሚያልፈው የጎርፍ ማስወገጃ ቦይ ተደፍኖ፣ ዝናብ በጣለ ቁጥር ውሃው መንገዱን ሞልቶ በየበሩ ሥር ይተኛ ነበር። ጎረቤቴ በምርኩዝ የሚሄዱ እናት ናቸው። ከበራቸው እስከ ዋናው መንገድ ድንጋይ ደረደርንላቸው። እያንዳንዱን ድንጋይ አስቀድመው በምርኩዛቸው ጫን አድርገው፣ አለመነቃነቁን አይተው ነበር እግራቸውን የሚያነሡት። አመለከትኩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ውጤቱን ልጠይቅ ስሄድ፣ የቅሬታ ክፍሏ ሠራተኛ መዝገቡን ወደ እኔ አዞረችና ማስመሪያዋን ከስሜ ሥር አጋደመችልኝ። በመጨረሻው ዓምድ ላይ በሰማያዊ ቀለም «ተፈቷል» ተብሎ ተጽፏል። እኔ ደግሞ በዚያው ውሃ የራሰው ጫማዬ ገና አልደረቀም።

መጀመሪያ የመሰለኝ ውሸት ነው። አልነበረም፤ ይህን ለመረዳት ጊዜ ወስዶብኛል። የጽዳት ቡድን በእርግጥ መጥቶ፣ በቦዩ አፍ ላይ የተከመረውን አሸዋና ላስቲክ አውጥቶ፣ የሥራ ትእዛዙን ፈርሞ መልሷል። የተደረመሰው ግን ከመንገዱ ሥር ያለው ቱቦ ነበር። የታዘዘው ጽዳት ነው፤ ጽዳቱ ተሠራ፤ ትእዛዙ ተዘጋ፤ ቅሬታውም አብሮት ተዘጋ። በዚህ ሁሉ መካከል «ውሃው ሄደ ወይ?» ብሎ የጠየቀን ሰው የለም። ጽሕፈት ቤቱ የሚቆጥረው የሠራውን ነው፤ ነዋሪው ደግሞ የተለወጠለትን። ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ በመዝገቡ ላይ አልተሰመረም።

ለሠራተኛዋ «እህቴ፣ ውሃው እኮ እዚያው ነው» አልኳት። «እኔ አካፋም መሐንዲስም የለኝም፤ ያለኝ ይህ መዝገብ ነው። በወሩ መጨረሻ የሚጠይቁኝም ስንት እንደተዘጋ ነው» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ በእሷ አልፈርድም። የሚጠየቀው የተዘጋው ብዛት ከሆነ የሚበዛውም የሚዘጋው ነው።

ገጹን ስናገላብጥ ከእኔ በፊትም በኋላም ስለዚያው ቦይ ያመለከቱ አራት ጎረቤቶች አገኘን። አምስት ቅሬታ፣ አምስት «ተፈቷል»፤ የተሰበረው ቱቦ ግን አንድ ነው። አምስቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ያየ ሰው ቢኖር ኖሮ የጽዳት ቡድን አምስት ጊዜ መላክ አያስፈልግም ነበር። ቅሬታ እንደ ወቀሳ ብቻ ስለሚታይ ቶሎ ከጠረጴዛ ላይ እንዲነሣ ይፈለጋል እንጂ፣ የት ቦታ ምን እንደተበላሸ በነጻ የመጣ ጥቆማ መሆኑ ይዘነጋል።

ነገሩ የአንድ መንደር ጣጣ አይደለም። ስዊድን የመንግሥት ሹማምንትን የሚመረምር እንባ ጠባቂ ያቋቋመችው እ.ኤ.አ. በ1809 ነው። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1974 በወጣ ሕግ ለአካባቢ መስተዳድሮች ለብቻው እንዲህ ያለ ተቋም አቆመች። በእኛም አገር የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም በአዋጅ ቁጥር 211/1992 ተቋቁሟል። የአማርኛው ስያሜ ከሁሉም ይበልጥብኛል፤ እንባን የሚያውቀው ያፈሰሰው ሰው ነውና።

የእንግሊዙ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2024 ለአካባቢ ምክር ቤቶች ያወጣው የቅሬታ አያያዝ መመሪያ ሁለት እርከኖች አሉት። ቅሬታው መድረሱ በ5 የሥራ ቀናት ውስጥ ለባለጉዳዩ ይነገረዋል፤ ከዚያ የመጀመሪያው መልስ በ10 የሥራ ቀናት፣ ባለጉዳዩ ካልረካ ደግሞ የሁለተኛው እርከን መልስ በ20 የሥራ ቀናት ይሰጣል። ቀናቱ ጥሩ ናቸው። እኔን ይበልጥ የሳበኝ ግን ሌላ ነው። መመሪያው የአገልግሎት ጥያቄን ከቅሬታ ይለያል። «ቦዩ ተደፍኗል፣ አጽዱልን» ማለት ጥያቄ ነው፤ «ጠይቀን አልተሠራልንም» ወይም «ተሠራ የተባለው አልሆነም» ሲባል ቅሬታ ይሆናል፤ ሰውየው «ቅሬታ» የሚለውን ቃል ባይጠቀም እንኳ። ደግሞም መልስ ከተሰጠ በኋላ የቀረ ሥራ ካለ እስኪያልቅ ድረስ ክትትል እንዲደረግበትና ባለጉዳዩ እየተነገረው እንዲሄድ ያዛል። በእኛ መዝገብ ላይ ግን የእኔ የመጀመሪያ ጥያቄና ከጽዳቱ በኋላ የቀረበው የአንድ ጎረቤቴ አቤቱታ በአንድ ዓምድ፣ በአንድ ቃል ተዘግተዋል።

እንግዲህ የምጠይቀው ይህን ነው። «ተፈቷል» የሚለው ቃል ባለጉዳዩ ሳይጠየቅ አይጻፍ። ስልክ ይደወልለት፤ ስልክ የሌለው ደግሞ በሩ ይንኳኳ። ባይገኝ «ሥራው ተሠርቷል፣ ውጤቱ አልተረጋገጠም» ተብሎ ይጻፍ፤ ይህም ሐቅ ነው። መፍትሔው ካልሠራ ያው ቅሬታ በዚያው ቁጥር ይከፈት እንጂ እንደ አዲስ አይመዝገብ፤ አዲስ ቁጥር ሲሰጠው ያለፈው ጊዜና ያለፈው ድካም ሁሉ ከመዝገቡ ይጠፋል። በጀት ከሌለም «ዘንድሮ አይቻልም፣ ምክንያቱም ይህ ነው» ተብሎ በጽሑፍ ይነገረን። ሰው እንቢታን ይሸከማል፤ የሚያደክመው ዛሬ ነገ መባሉ ነው።

«ለባለጉዳዩ ከተተወ ማንም አይዘጋም፤ የማይረካ ሰው ሞልቷል» የሚሉኝ አሉ። እውነት አላቸው፤ ባለጉዳይ ሁሉ ልክ አይደለም፤ እኔም ልክ ባልሆንኩባቸው ቀናት ጮኼ አውቃለሁ። ለዚያ መልሱ በመጀመሪያው ውሳኔ እጁ የሌለበት ሌላ ሰው ጉዳዩን እንዲያየው ማድረግ ነው። ያ ሰው ቦታው ድረስ ሄዶ አይቶ «ተሠርቷል፣ ከዚህ በላይ አይገባም» ቢለኝ እቀበላለሁ። የማልቀበለው ያላየ ሰው ሲዘጋብኝ ነው።

የእኛ ነገር የተንቀሳቀሰው ሠራተኛዋ አንድ መልካም ነገር ስላደረገችልን ነው። ከስሜ አጠገብ በራሴ እጅ «ውሃው አልሄደም» ብዬ ጽፌ እንድፈርም ፈቀደችልኝ። አራቱን ጎረቤቶችም ጠርታ አስፈረመች፤ ገጹን ፎቶ ኮፒ አድርጋ ለመሐንዲሱ ላከችው። መሐንዲሱ መጣ። ረጅም ብረት በአንደኛው የቱቦ አፍ ሲያስገባ መሐል ላይ ቆመበት፤ በሌላኛውም እንዲሁ። በወሩ ቱቦው ተቀየረ። ያ የአምስት ሰው ፊርማ የሰፈረበት ጠርዝ እንደ ውለታ ሳይሆን እንደ ደንብ በየመዝገቡ ላይ ቢሰመር ምን ይከብዳል? ይህን መወሰን የሚችሉ ኃላፊዎች በዚሁ ዓምድ መልስ ቢሰጡኝ ደስ ይለኛል።

ሥራው ባለቀ ማግሥት ድንጋዮቹን ላንሣላቸው ወደ እናታችን ደጅ ሄጄ ነበር። በምርኩዛቸው የመጀመሪያውን ድንጋይ ጫን አድርገው ይዘው «እስኪ አንድ ዝናብ ይለፍ፣ ልጄ» አሉኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ነዋሪ